ለመምህር ጥላሁን ያነበብኩላቸው ፊልም

በ2017 ዓ.ም. ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው የሚያልበው ወይ ዳገት ሲወጣ ነው፣ ወይ ወባ ሲይዘው ነው። እኔን ያላበኝ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ያውም በታኅሣሥ፣ ያውም ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ። በስተግራዬ ያለችው ሴት ጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ የእኔ ሸሚዝ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ያላበኝ ሙቀት አልነበረም። ፊደል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ «ይሄ ሽማግሌ ምን ነካው» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ልጄ ትዕግሥት ነርስ ናት። ቢኒያም የሚባል ልጅ ወደደች። ልጁን እኔም ወድጄዋለሁ፤ ሲያናግሩት ስልኩን አይነካካም፣ ይኼ በዚህ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ችግሬ አባቱ ናቸው። ችግር የምላቸው ክፉ ሆነው አይደለም። መምህር ናቸው። መምህር ጥላሁን። ኮተቤ ቤት ሠርተው፣ አርባ ዓመት አማርኛ አስተምረው፣ ጡረታ የወጡ ሰው። ሲናገሩ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ይሰማል።

ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት «ከልጅቷ አባት ጋር ልተዋወቅ» ብለው ሾላ ገበያ ጀርባ ያለችው ቤቴ መጡ። ሻይ ቀረበ። ስለ ብርዱ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን፣ ከዚያ፣

«ሥራዎ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ» አልኳቸው።

ውሸት ነው እንዴ? አይደለም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። በሩ ላይ። ጥበቃ ነበርኩ። እሳቸው «የቱ ጋ?» ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔ ደግሞ ያልተጠየቅኩትን የምመልስ ሰው አይደለሁም።

«እንዴት ደስ ይላል! እንደ እኔው የጽሕፈት ሰው ነዎት ማለት ነው» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን እጄ እዚያ ውስጥ ተመችቶት ነበር።

ሲሄዱ ልጄ በሩን ዘጋችና ዞረችብኝ።

«አባዬ፣ ለምን ትዋሻቸዋለህ?»

«የቱ ጋ ነው የዋሸሁት?»

«አባዬ!»

«ሠላሳ ዓመት አልሠራሁም?»

«ጥበቃ መሆን ምን ያሳፍራል? ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው። እሳቸው በሥራህ አይንቁህም። ውሸት ግን አይወዱም፤ ቢኒያም ልጅ ሆኖ አንዲት ትንሽ ነገር ዋሽቷቸው አንድ ክረምት ሙሉ አላናገሩትም።» ጣቷን አነሳችብኝ፤ የእናቷን ጣት። «ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ትነግራቸዋለህ። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ የሚመጣው ይምጣ።»

የሚመጣው ምን እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ምናልባት ምንም ላይመጣ ነው። ሽማግሌውም።

ስለ ፊደሌ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ማንበብ አልችልም ማለት አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምሬ ወረቀት ተቀብያለሁ። ሁሉንም ፊደል አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ችግሩ ተሰብስበው ሲመጡ ነው። አንድ ጋዜጣ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ያደርሰኛል። መጻፉ ይሻለኛል፤ የምጽፈው ፊደል እስክደርስበት ይጠብቀኛል። የሌላ ሰው ጽሑፍ ግን እንደ ታክሲ ነው፤ አንዱን እግሬን ሳነሳ ይሄዳል።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መምህር ደወሉልኝ።

«የትዕግሥት አባት፣ የበዓል ሰሞን ፊልም አለ፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አብረን እንይ። ሲያልቅ የሽምግልናውን ቀን እዚያው ቁርጥ እናደርጋለን።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ሲኒማ ቤት ጨለማ ነው። በጨለማ ውስጥ ጠጋ ብዬ «መምህር፣ መዝገብ ቤት ያልኩዎት በሩን ነው» እላቸዋለሁ፤ ፊታቸውን አላይም፣ ፊቴን አያዩም። ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል? ለልጄም «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የበዓል ሰሞን ሾላ ታክሲ መያዝ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አልነግርም፤ ለማያውቅም ነግሬ አላስጨንቅ። አንዲት እናት ጭን ላይ አንድ ዶሮ፣ እኔ ጭን ላይ ሌላዋ ዶሯቸው፣ እንዲህ ሆነን ወጣን። ስደርስ ፊልሙ ሊጀምር መብራቱ ጠፍቶ ነበር።

ቦታው ድሮ የእህል መጋዘን ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ሰብለ ይባላሉ። ሌላው ሲኒማ ቤት አዲስ አዲሱን ሲያሳይ እሳቸው አሮጌ አሮጌውን ነው የሚያሳዩት፤ በየዓመቱ ከታኅሣሥ እስከ ጥምቀት ደግሞ ከየአገሩ ስለ በዓል የተሠሩ የድሮ ፊልሞችን ለቅመው ያመጣሉ። ወንበሮቹም ከየቤቱ የተለቀሙ ናቸው፤ ሁለት የሚመሳሰል የለም። በዳበሳ መምህርን አገኘኋቸው። ቦታ ይዘውልኛል፤ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን አስቀምጠው። እኔ በጨለማው ባርኔጣውን መቼ አየሁት? ቁጭ አልኩ።

ቀጭ አለ።

«ምን ነበር?» አሉ መምህር።

«ወንበሩ ነው» አልኩ። «አሮጌ ወንበር አይደል።»

ፊታቸውን ዳበሱ፣ ኪሳቸውን ዳበሱ። «መነጽሬን ለመጥረግ አውልቄ... ባርኔጣው ውስጥ ነበር ያኖርኩት።»

ተነሳሁ። ባርኔጣው እንደ ቂጣ ተጋግሯል። ከውስጡ መነጽሩ ወጣ፤ አንዱ መስታወት ሁለት ሆኗል፣ ሌላው የለም።

«ወይኔ መምህር! ይቅር ይበሉኝ!»

«ግድ የለም፣ ግድ የለም።» ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «ሰዎቹን ጥላ ጥላቸውን አያለሁ። ያስቸገረኝ ከሥር ያለው ጽሑፍ ነው። ታዲያ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ያገላበጠ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ምን ጨነቀኝ? ያንብቡልኝ።»

ቀና ብዬ ሸራውን አየሁ። ፊልሙ ነጭና ጥቁር ነው፤ አገሩ በረዶ ነው፤ ቋንቋቸው አማርኛም አይደል፣ እንግሊዝኛም አይደል፣ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነው። ከሥር፣ በነጭ፣ ወይዘሮ ሰብለ የጻፉት አማርኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ምን ይላል?» አሉ መምህር፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

«በ...» አልኩ። «በ... ረ...»

ሄደ።

«በረዶ ነው ይላል» አልኩ።

«እሱንስ አየሁት» አሉ ሳቅ ብለው።

ሁለተኛው መጣ። «ቤ... ቱ...» ሄደ። ሦስተኛው መጣ፤ ከሩቁ ሲታይ ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመር! እሱን እንኳ አልሞከርኩትም። ልናገር የመጣሁትን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ከዚያ የተሰበረውን መነጽር በመዳፋቸው ይዘው እንደ ሕፃን እየጠበቁኝ አየኋቸው። መነጽራቸውን ሰብሬ ደግሞ ማንበብ አልችልም ልበላቸው? በአንድ ቂጥ ሁለት ጥፋት? አፌ ሌላ ነገር ይዞ ወጣ።

«ሴትዮዋ እንግዳ እየጠበቀች ነው ይላል።»

ማዕድ እየዘረጋች ነበር፤ እንግዳ ካልሆነ ለማን ትዘረጋለች? ወዲያው በሩ ተከፈተና ባለ ጢም ሰውዬ ሻንጣ ይዞ ገባ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ማንበብ ማለት ይኼ ከሆነ እችልበታለሁ!

«ማን ነው?» አሉ መምህር።

«ወንድሟ ነው።»

ለምን ወንድሟ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳያንኳኳ ስለገባ መሰለኝ። ሰውዬው ሻንጣውን አስቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ሴትዮዋን አቀፋት፣ ከዚያ አፏ ላይ ሳማት። እንደ ዘመድ አይደለም የሳማት። ረጅም ነው።

መምህር መነጽር ባይኖራቸውም ጥላው ሁለት ሆኖ ገብቶ አንድ ሲሆን አይተዋል። «በስመ አብ ወወልድ!» አሉ። «ወንድሟ ነው አላሉኝም?»

«የሥጋ ወንድሟ አይደለም እኮ» አልኩ በጥድፊያ። «የክርስትና ወንድሟ ነው።»

«እሱማ ይብሳል!»

ከኋላችን ሁለት ተማሪ የሚመስሉ ልጃገረዶች ነበሩ። አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ፋዘር ይመቻቸው» አለች ሌላዋ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አሉ መምህር።

«ወጣት አይደሉ፣ መሳሳም ሲያዩ ነው» አልኩ። ላቡ የጀመረኝ እዚህ ጋ ነው።

ከዚህ በኋላ እንግዲህ ፍሬን የለም። አንድ ረጅም ሰው ጥቁር ልብስ ለብሶ መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ ዳኛ ነው አልኩ። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወጣች፤ ትምህርት ቤት ወድቃ ነው አልኩ። ባለ ጢሙ ሰውዬ በመስኮት ወደ ተራራው ያያል፤ ከብት ጠፍቶበት ነው አልኩ። ከኋላ ያሉት ልጆች ፊልሙን ትተው እኔን ማዳመጥ ጀምረዋል፤ አንገታቸውን ወደ ፊት ስበው ትንፋሻቸው ማጅራቴን ይነካኛል። «እሺ ፋዘር፣ ከዚያስ?» ትላለች አንዷ በሹክሹክታ። ዞሬ ገላመጥኳት። መገላመጤ እንኳ አልሠራም፤ ጨለማ ነው።

እኔ ግን በየመሐሉ ጽሑፉን ለመያዝ ዓይኔን ሳላርገበግብ አፈጥ ነበር። ግትር ነኝ፤ የሞተች ሚስቴም ትመሰክር ነበር። አንዱን እንኳ፣ አንዱን ብቻ አጥርቼ አንብቤ ለእኚህ ሰው እውነቱን ካልሰጠኋቸው አልነሳም አልኩ። እግዜር ይስጠው፣ አንዱ ላይ ቆመልኝ። ባለ ጢሙ ሰውዬ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ሲያነብ ነው። ደብዳቤው በጥቂት በጥቂቱ ከሥር ይመጣል። አንደኛው አመለጠኝ። ሁለተኛው መጣ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ሰውዬውም እያለቀሰ ስለሆነ ቆየ።

እ-ና-ት-ህ። አ-ለ-ች።

«እናትህ አለች!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ «ሽሽሽ!» አለኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። አንብቤያለሁ! «መምህር፣ እናትህ አለች ይላል! እናቱ በሕይወት አለች!»

መምህር እጄን ፈልገው ያዙት።

«የትዕግሥት አባት» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ወጣት ሆኜ ሩቅ አገር ተመድቤ ሳስተምር ነው እናቴ የሞተችው። ደብዳቤው የደረሰኝ አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። አሁን ይኼን ሰውዬ ሳይ፣ በቃ ሞታ ነው ብዬ... እንኳን አለች! እንኳንም አለች!»

በሌላ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ኮራሁ። ምን አለፋችሁ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ አንብቤ ሰው አስለቀስኩ።

ኩራቴ የቆየው ባለ ጢሙ ሰውዬ ከወንዙ ዳር ተነስቶ ቤት እስኪደርስ ነው። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ያ ጥቁር የለበሰው ሰው መጽሐፉን ዘርግቶ ያነባል። አራት ሰዎች ሳጥን ተሸክመው ወጡ። ባለ ጢሙ ሰውዬ ሳጥኑ ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው የተሸከሙት?» አሉ መምህር። እጄን አልለቀቁም።

«ሳጥን ነው።»

«የማን ሳጥን?»

«የ... ጎረቤት።»

«ዳኛው እዚያ ምን ይሠራል?»

«ውርስ ሊያከፋፍል ነው።»

«ከመቀበሯ በፊት? እሱስ ለጎረቤት እንዲህ ያለቅሳል?»

«በጣም ጥሩ ጎረቤት ነበረች» አልኩ።

ይኼኔ ከኋላ ያለችው ልጅ አልቻለችም። ሳቋ ይሁን ልቅሶዋ አልለየሁም። «ኧረ ፋዘር፣ እናቱ ናት እኮ! እናቱ ናት የሞተችው!»

የመምህር እጅ ከእጄ ወጣ።

ከዚህ ወዲያ ብርዱ መጣብኝ። መምህር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልክ ተማሪን እንደሚጠይቁ፣ «ቃሉን እንደተጻፈው ይንገሩኝ» አሉኝ።

«እናትህ አለች።»

«ከፊቱ ምን ነበር?»

«አመለጠኝ።»

«ከኋላውስ? አራት ነጥብ ነበረው?»

አሰብኩ። «ሁለት ነጥብ መሐሉ ሰረዝ ያለው ነገር ነበር።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «ታዲያ ይላላል! አጥብቀው አነበቡት። ሲጠብቅ መኖሯ ነው፣ ሲላላ መናገሯ ነው። ከመሞቷ በፊት ያለችውን፣ ኑዛዜዋን ሊነግረው ነው። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ይኼን ይስታል?»

በሩ እንዲህ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ገብቼ «አልሠራሁም» ማለት ብቻ ነው። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ጨለማው ነው» አልኩ።

የቀረውን ፊልም ሁለታችንም አላየነውም። እሳቸው ስለማይታያቸው፤ እኔ ስለማይታየኝ። እንዴት እንዳለቀ ብትጠይቁኝ በረዶ ነበር እላችኋለሁ።

መብራት በራ። ልናገር ነው፣ አሁን ልናገር ነው እያልኩ ኮቴን ስቆልፍ ወይዘሮ ሰብለ ድምፅ ማጉያ ይዘው ፊት ወጡ። ለካ እዚህ ቤት ፊልም ሲያልቅ አይወጣም፤ ውይይት አለ። «አስተያየት ያለው?» አሉ። መምህር ጥላሁን እጃቸውን አነሱ።

ኮቴን መቆለፌን ተውኩ።

መምህር ተነሱ፤ የተጨፈለቀችውን ባርኔጣ ደረታቸው ላይ ይዘው። «ፊልሙ መልካም ነው» አሉ። «ነገር ግን ጽሑፉ ላይ ቅሬታ አለኝ። መነጽሬ ስለተሰበረ እኚህ ወዳጄ ያነቡልኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገሉ፣ ከጽሑፍ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው እንኳ ሊደርሱበት አልቻሉም። ለእሳቸው ከፈጠነ ለተራው ሰው እንዴት ይሆናል? ጽሑፉን የሠራው ሰው ደህና አልሠራም ማለት ነው።»

ይኼን ሁሉ ያሉት ለእኔ ብለው ነው። እንዳላፍር። እኔን አድነው የወይዘሮ ሰብለን ሥራ ሰው ፊት አዋረዱ።

ወይዘሮዋ ቀይ ሴት ናቸው፤ ፊታቸው ደም መሰለ። «አርማለሁ» አሉ። «ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ እያንዳንዷን መስመር በሰዓት ለክቼ ነበር፤ ግን ካልበቃ አልበቃም።» ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተው፣ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ በወንበሮቹ መሐል እየተሽሎከለኩ ወደ እኔ መጡ። «አባቴ፣ እርስዎ እንደ ባለሙያ ይንገሩኝ። የትኞቹ መስመሮች ናቸው የፈጠኑት? ሁሉንም አስተካክዬ እደግመዋለሁ።»

ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ደቀኑት። የማጉያው ጩኸት ብቻ እንደ ትንኝ ይላል። ዞር ብዬ መምህርን አየኋቸው፤ በማያየው ዓይናቸው ወደ እኔ ፈገግ ብለዋል። ትዕግሥት ታየችኝ፤ ያች ጣቷ ታየችኝ። አሁን ከተናገርኩ ሽምግልናው አበቃ። ካልተናገርኩ እኚህ ሴትዮ ቤታቸው ገብተው ያልተበላሸ ነገር ሲያርሙ ሊያድሩ ነው።

«አልፈጠነም» አልኩ።

«ይቅርታ?»

«ጽሑፉ አልፈጠነም። የዘገየሁት እኔ ነኝ።» ድምፄ በየግድግዳው እየዞረ መልሶ ለራሴ ይነግረኛል። «መምህር፣ እኔ መዝገብ ቤት የሠራሁት በሩ ላይ ነው። ጥበቃ ነበርኩ። መዝገቡን አንድም ቀን ገልጬ አላየሁም፤ ሲገባና ሲወጣ ነው ያየሁት። ያነበብኩልዎት ነገር በሙሉ ከራሴ ነው። ከአንዲቷ መስመር በቀር። እሷንም አጠበቅኳት።»

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

መምህር ባርኔጣቸውን እንደተጨፈለቀች አናታቸው ላይ አደረጉና በሰዉ መሐል እየዳበሱ ወጡ። ተከተልኳቸው። ቁልቁለቱን ወረድን፤ እሳቸው ድንጋዩ ስለማይታያቸው ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስሰድ፣ «ይታየኛል» አሉ። አይታያቸውም ነበር። እንዲህ ሆነን፣ እሳቸው እየተደናቀፉ እኔ ሦስት እርምጃ ከኋላ እየተሳቀቅኩ፣ ታክሲው ጋ ደረስን።

«መምህር፣ የሽምግልናው ቀንስ?» አልኩ። አፈርኩ ግን ጠየቅኩ።

«ከቤተሰቤ ጋር ተነጋግሬ አሳውቅዎታለሁ» አሉ፤ ገብተው በሩን ራሳቸው ዘጉ።

ቤት ስገባ ትዕግሥት ለሥራ እየወጣች ነበር። «ነገርካቸው?» አለችኝ። «ነገርኳቸው» አልኩ። «ምን አሉ?» «ያሳውቁናል።» ለስንት ሰው እንደነገርኩ ግን አልነገርኳትም። ያልተጠየቅኩትን አልመልስም ብያችኋለሁ።

ምሽት ላይ ስልኬ ጮኸች። መልእክት ነው። ከመምህር። መብራቱ ሥር ይዤ ተቀመጥኩ፤ ይኼኛው ጽሑፍ አይሮጥም፤ ጊዜ ወስጄ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። የሽምግልናው ቀን ገና ነው።»

ደስ አለኝ። የገና ዕለት! ማክሰኞ! ብድግ አልኩ። ብድግ እንዳልኩ ቀዘቀዝኩ። ቢላላስ? «ገና ነው» ማለት ገና ነው፤ አልደረሰም፤ ተዉን ማለትም ሊሆን ይችላል። ቁጭ አልኩ። አጥብቄ አነበብኩት፤ ብድግ አልኩ። አላልቼ አነበብኩት፤ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ይኼን አይችልም።

ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው ተዘግቷል። ሰፈሬ ካለው ባለ ሱቅ ከድር ጋ ሄድኩና ምንም ሳልነግረው «አንብብልኝ» አልኩት። አነበበና አላላው። «ገና ነው ይላል፣ ጋሼ። ታገሥ ማለታቸው ነው።» ጎን ያለው ባለ ልኳንዳ ደግሞ ጾሙ እስኪፈታ ቢላውን እየሳለ ነው የከረመው፤ ለእሱ አሳየሁት። ሳይጨርሰው አጠበቀው። «ገና ነው! ማክሰኞ ነዋ! ስንት ኪሎ ላስቀምጥልህ?» ሰው ሁሉ የሚያነበው የራሱን ሐሳብ ነው፤ ታዲያ እኔ ፊልም ላይ ያደረግኩት ከዚህ በምን ይለያል?

ልጄን ደውዬ ልጠይቃት አልኩና ተውኩት። ላልቶ ከሆነ ከእኔ ስልክ አትስማው።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ኮተቤ ሄጄ የመምህርን በር አንኳኳሁ። ራሳቸው ከፈቱ። አሮጌ መነጽር አድርገዋል፤ አንዱ ክንዱ በፕላስተር ታስሯል።

«እንዴት አደሩ?» አሉኝ፣ ቀዝቀዝ ብለው።

«አላደርኩም» አልኩና ስልኩን ዘረጋሁላቸው። «ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው።»

«እኔው የጻፍኩት አይደለም እንዴ?» ብለው ተቀበሉኝ። አዩት። አፋቸው ሊያነብ ተከፈተ፤ ቆመ። እንደገና አዩት። አርባ ዓመት ያስተማሩት ነገር ከገዛ ጣታቸው ሾልኮ እንደወጣ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ጆሯቸው ቀላ።

«እርስዎ እንዴት አነበቡት?»

«ግማሹን ሌሊት አጥብቄ፣ ግማሹን አላልቼ።»

ሊስቁ ነበር፤ ያዙት። ስልኩን መለሱልኝ። «የትዕግሥት አባት» አሉ፣ «ትናንት ለአሥር ደቂቃ ያህል እናቴ በሕይወት ነበረች። ከዚያ ደግመው ቀበሯት። ሁለተኛ እንዲህ አያድርጉኝ።»

«ሁለተኛ አልልም።»

«ሽማግሌዎቼ ቤትዎ ሲቀመጡ ሥራዎን በራስዎ አፍ ይነግሯቸዋል። በሩን ሳይተዉ።»

«በሩን ሳልተው» አልኩ። «መቼ ነው የሚቀመጡት?»

መምህር ደረታቸውን ነፍተው፣ ክፍል ውስጥ እንደቆሙ ሆነው፣ ያችን ቃል አንድ ጊዜ አነበቡልኝ።

ቤቴ አልሄድኩም። በቀጥታ የእድራችን ዕቃ ቤት ሄጄ የዕቃ ጠባቂውን በር ደበደብኩ። ቁልፉን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ደንግጦ ወጣ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም። ጠብቋል!»

«ምኑ?»

«አንተ ክፈተው ዝም ብለህ» አልኩትና አንደኛውን አግዳሚ ወንበር ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ።